ለሥራ መመላለሻ ብስክሌት ምን ይገዛ? ጎማ፣ ቁልፍ፣ መብራትና ፓራፋንጎ ሲነጻጸሩ

ብስክሌቱ ከተገዛ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ በምን በምን ላይ ገንዘብ ማውጣት ያዋጣል የሚለው ነው። በኢንተርኔት የሚገኘው አብዛኛው ምክር የተጻፈው በአውሮፓና በአሜሪካ ለሚነዳ ሰው ነው። እዚያ በየመንገዱ ዳር የብስክሌት ማሰሪያ ብረት ተተክሏል፣ ጭቃው ዋልካ አይደለም፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ዳገት መግፋትም የለም። እዚህ የምናወዳድረው በአዲስ አበባ መንገድ ነው። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ያላችሁ መንገዳችሁ ሜዳ ስለሆነ ስለ ፍሬንና ስለ ላብ የተባለውን ቀለል አድርጋችሁ ውሰዱት፤ የቀረው ለእናንተም ይሆናል።

በሁለት ዕቃ መካከል ስታመነቱ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ሐምሌ ላይ ቢበላሽ የሰፈሩ ብስክሌት ጠጋኝ ያስተካክለዋል? መልሱ «አይ» ከሆነ ዕቃው የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን ከእሱ ዝቅ ያለው ቀላሉ ዕቃ ይሻላችኋል።

ጎማ

ከሁሉ በፊት የጎማውን ጎን አንብቡ። 47-559 የሚመስል ቁጥር ታትሞበታል። የፊተኛው ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው፤ የኋለኛው ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር ነው። ሱቅ ሄዶ «26 ስጠኝ» ማለት ብቻውን አይበቃም። የማውንቴን ብስክሌቱ 26 ቁጥሩ 559 ሲሆን፣ 26 በ1 3/8 የሚባለው ግን 590 ነው፤ አንዱ በሌላው ቸርኬ ላይ አይገባም። 27.5 የሚባለው 584 ነው። 29 እና 700 ሲ ስማቸው ይለያይ እንጂ ሁለቱም 622 ናቸው።

ብዙው ማውንቴን ብስክሌት ከሱቅ የሚወጣው ባለ ጥርስ ጎማ አጥልቆ ነው። ጥርሱ ለጭቃና ለአፈር ነው። አስፋልት ላይ ያጉረመርማል፣ ጉልበት ይበላል፣ ራሱም ቶሎ ያልቃል። «ለስላሳ ጎማ ዝናብ ላይ ያንሸራትታል» የሚለው ስጋት ከመኪና የመጣ ነው፤ የብስክሌት ጎማ ጠባብና ክብ ስለሆነ በብስክሌት ፍጥነት ውሃ ላይ አይንሳፈፍም። የሚጥላችሁ እርጥብ ኮብልስቶን፣ የመንገድ ቀለምና የማንሆል ክዳን ነው። እነሱ ላይ ደግሞ ጥርስም አያድንም። ስለዚህ መንገዳችሁ አስፋልትና ኮብልስቶን ከሆነ መሃሉ ለስላሳ፣ ጠርዙ ላይ ጥቂት ጥርስ ያለው ጎማ ምረጡ። ስፋቱ በ26 ከ1.75 እስከ 2.0፣ በ700 ሲ ደግሞ ከ35 ሚሊ ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው። ጠባብ ጎማ አስፋልት ላይ ይፈጥናል፤ ኮብልስቶን ሲጀምር ግን እጅና ወገብ ሂሳቡን ይከፍላሉ።

ከመበሳት ለመዳን ሦስት መንገድ አለ። የመጀመሪያው መከላከያው ከጎማው ጋር አብሮ የተሠራ ጎማ ነው። ለምሳሌ ሽዋልቤ ማራቶን ፕላስ ከመርገጫው ሥር 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ላስቲክ አለው፤ ሚስማሩ ውስጥ ሳይደርስ እዚያው ይቀራል። ይከብዳል፣ ጎኑ ደረቅ ስለሆነም ቸርኬ ላይ ማስገባቱ ትግል ነው። ሁለተኛው በጎማውና በካላማዳሪው (አየር በሚይዘው የውስጥ ጎማ) መካከል የሚነጠፍ የፕላስቲክ ሽፋን ነው። ርካሽ ነው፣ ይሠራልም፤ ግን አንድ ጠንቅ አለው። የሁለቱ ጫፎች መደራረቢያ ካላማዳሪውን ቀስ በቀስ ይፈገፍገውና ከወራት በኋላ ሚስማር ሳይነካው ይበሳል። መፍትሔው ጫፎቹን በመቀስ ማክበብ፣ መደራረቢያውን በቴፕ መሸፈንና ካላማዳሪው ላይ ታልክ ዱቄት መነስነስ ነው። ሦስተኛው ካላማዳሪው ውስጥ የሚፈስ ፈሳሽ ነው። ትንሽ ቀዳዳ ወዲያው ይደፍናል፤ ነገር ግን በወራት ውስጥ ይደርቃል፣ ትልቅ ቀዳዳ ሲመጣ ደግሞ ፈሳሹ ሁሉን ስለሚያረጥብ ማስቲሹ አይይዝም። ጠጋኙም አይወደውም፤ አይፈረድበትም። በኛ ሚዛን የመጀመሪያው ለኋላ ጎማ ቢሆን ገንዘቡ የሚገባው ነው፤ ክብደት የሚያርፍበትና ቶሎ የሚበሳው የኋላው ነውና። ለፊት መካከለኛ ጎማና ሽፋን ይበቃል።

ካላማዳሪ ስትገዙ መንፊያ አፉን (ቫልቩን) እዩ። የመኪናውን የሚመስለው ወፍራሙ ሹራደር ይባላል፤ የትኛውም ጎሚስታ ይነፋዋል። ቀጭኑ፣ ጫፉ የሚፈታው ፕሬስታ ነው፤ እሱን በጎሚስታ ለመንፋት ትንሽ የናስ አዳፕተር ኪስ ውስጥ መያዝ ግድ ነው። የቸርኬው ቀዳዳ ለሹራደር 8.5፣ ለፕሬስታ 6.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ቀጭኑን በሰፊው ቀዳዳ እንዲሁ ካስገባችሁት ቫልቩ ይወዛወዝና ሥሩ ላይ ይቆረጣል፤ እዚያ ቦታ ላይ ደግሞ ጥገና አይይዝም።

የጎሚስታ ኮምፕረሰር ለመኪና የተሠራ ነው። የብስክሌት ጎማ የሚይዘው አየር ትንሽ ስለሆነ በሰከንዶች ከልክ ያልፋል። በአጭር በአጭሩ እንዲሰጣችሁ ንገሩት። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 26 በ1.95 ጎማ የኋላው 45፣ የፊቱ 40 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) አካባቢ ይበቃዋል። ከተበሳው ካላማዳሪ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ካገኛችሁ ሚስማር አትፈልጉ፤ አየሩ አንሶ ጎማው ከጉድጓድ ጠርዝና ከቸርኬ መካከል ተጨምቆ ነው።

ቁልፍ

ቀጭኑ የሽቦ ገመድ ቁልፍ ቀለሙ ያምራል፣ ይጠቀለላል፣ ቀላል ነው። በእጅ መቁረጫ ግን በሰከንዶች ይበጠሳል። ሱቅ በር ላይ ብስክሌቱ ከዓይናችሁ ሳይወጣ ውሃ ለመግዛት ወይም የፊት ጎማውን ለማሰር ይሆናል፤ ሥራ ቦታ ሙሉ ቀን ለማቆም አይሆንም።

እውነተኛው ውድድር በዩ ቅርጹ ብረትና በወፍራም ሰንሰለት መካከል ነው። ዩ ቅርጹ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ይመዝናል፣ ውፍረቱ 13 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ በእጅ መሣሪያ መቁረጥ ከባድ ነው። በውጭ አገር በጥሩ ምክንያት ይመረጣል። የአዲስ አበባ ችግር ግን ቁልፉ ሳይሆን ማሰሪያው ነው። የተለመደው ዩ የውስጥ ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ የእኛን የመብራት ምሰሶ፣ የዛፍ ግንድ ወይም የግቢ በር ቋሚ ከብስክሌቱ ቴላዮ (ዋናው የብረት አካል) ጋር አያቅፍም። ስለዚህ ቢሯችሁ የብስክሌት ማሰሪያ ወይም ቀጭን የብረት አጥር ካለው ዩ ግዙ። ባገኛችሁበት የምታስሩ ከሆነ 110 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ የዘለበቱ ውፍረት 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ሰንሰለት ይሻላል። ወደ 3 ኪሎ ይጠጋል፤ በየቀኑ ከመሸከም ቢሮ ትቶ መሄድ ይቻላል።

ሰንሰለት ስትመርጡ ውፍረት ብቻውን ያታልላል። የተጠናከረ ብረት መሆኑን የሚነግራችሁ ሞረድ ነው። አንዱ ዘለበት ላይ የሞረዱን ጠርዝ ጎትቱት፤ ተንሸራቶ ካለፈ ጠንካራ ነው፣ ነክሶ የብረት ዱቄት ካወጣ ግን የእቃ መጫኛ ሰንሰለት ነው። ባለሱቁ ፊቱን ሊያጠቁር ይችላል፤ ከመሞከራችሁ በፊት ብታስፈቅዱት ይሻላል። ደግሞ ጥሩ ሰንሰለት ገዝቶ በተራ ጓጉንቸር መቆለፍ የተለመደ ስህተት ነው። ሌባ የሚያየው ቀጭኑን ቦታ ነው፤ ጓጉንቸሩም ከሰንሰለቱ እኩል መወፈር አለበት።

ሲታሰር ቴላዮውና የኋላ ጎማው አንድ ላይ ይያዙ። የፊት ጎማ ብቻ ከታሰረ፣ በተለይ በእጅ በሚፈታ ማጥበቂያ ከሆነ፣ ስትመለሱ የምታገኙት ጎማውን ብቻ ይሆናል። ሰንሰለቱ መሬት እንዳይነካ አድርጉ፤ መሬት ላይ ያረፈ ጓጉንቸር በመዶሻ ይመታል። የቁልፉ ቀዳዳ ወደ ታች ይዙር፣ ዝናብና አቧራ አይገባበትም። በወር አንድ ጊዜ ቀጭን ዘይት ጠብ አድርጉበት። ግራሶ አትቀቡ፤ አቧራ ሰብስቦ ቁልፉን ያንቀዋል። ለዘበኛ ወይም ለመኪና ማቆሚያ ልጆች የሚሰጠው ጥቂት ብርም የቁልፉ አካል ነው ብላችሁ ቁጠሩት።

መብራት

አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። 12 ሰዓት ከሥራ የሚወጣና አንድ ሰዓት የሚነዳ ሰው፣ ወሩ ማንኛውም ይሁን፣ ፀሐይ ጠልቃ ይመሽበታል። ስለዚህ መብራት የክረምት ዕቃ አይደለም።

የመንገድ መብራት ባለበት ለመታየት ብቻ ከ100 እስከ 200 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) የፊት መብራት ይበቃል። ጉድጓድ ለማየት ግን ከ400 በታች አትውረዱ። እዚህ ላይ የውሸት ቁጥር በብዛት አለ። 18650 የሚባለው ሲሊንደር ባትሪ እውነተኛ አቅሙ ከ2,000 እስከ 3,500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ነው፤ 9,900 የተጻፈበት ውሸት ነው፣ ጥያቄ የለውም። ሂሳቡ ቀላል ነው። 2,500 ሚሊ አምፔር ሰዓት በ3.7 ቮልት 9 ዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ኤልኢዲ ለአንድ ዋት 100 ሉመን ቢሰጥ፣ 400 ሉመን 4 ዋት ይበላል፤ ስለዚህ ሁለት ሰዓት አካባቢ ይቆያል። ባለ አንድ ባትሪ ሆኖ «2,000 ሉመን፣ 10 ሰዓት» የሚል ካርቶን ላይ ስታነቡ መልሱት።

የሚሞላው ባለ ዩኤስቢና ባለ ትንንሽ ድንጋዩ ሲነጻጸሩ ለፊት መብራት የሚሞላው ያሸንፋል፤ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ መሙላት ስለሚቻል ማታ ሰፈር መብራት ቢጠፋም ግድ አይሰጥም። ደካማ ጎኑ የመሙያ ቀዳዳው የላስቲክ ክዳን ነው። ይላላል፣ ውሃ ይገባል፣ ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ይይዛል። በክረምት ቀዳዳው ወደ ታች የሚመለከት ሞዴል ምረጡ፤ ካርቶኑ ላይ አይፒኤክስ 4 ያለው ፍንጣቂን፣ አይፒኤክስ 6 ያለው ደግሞ ኃይለኛ የውሃ ግፊትን ይችላል። ለኋላ ቀይ መብራት ግን ባለ ድንጋዩ ጥሩ ነው፤ ትንሽ ኃይል ስለሚበላ ሳምንታት ይቆያል፣ ድንጋዩም ከየትኛውም ሱቅ ይገኛል። ርካሹ ድንጋይ ካለቀ በኋላ ውስጡ ተረስቶ ከከረመ ያፈሳል፤ አውጡት።

ከጎማ ጋር እየተፋተገ የሚያበራው የድሮ ዲናሞ ዝናብ ሲሆን ይንሸራተትና ይደክማል። ጎማው መሃል የሚገባው ዘመናዊው ዲናሞ፣ 6 ቮልት 3 ዋት፣ ግሩም ነገር ነው፤ ግን ጎማውን ከነሽቦው እንደገና ማሠራት ይጠይቃል። ከላይ ያስቀመጥነውን የሐምሌ ጥያቄ አያልፍም።

የፊት መብራቱን ከ8 እስከ 10 ሜትር ፊታችሁ መሬት ላይ እንዲያርፍ ዝቅ አድርጉት። የመጣ ሹፌር ዓይን ውስጥ የበራ መብራት ሹፌሩን ያሳውረዋል፤ ያልታየ ብስክሌትና ሹፌሩን ያሳወረ ብስክሌት መጨረሻቸው አንድ ነው። የኋላውን ኮርቻ ሥር ሳይሆን የኋላ መጫኛው ጫፍ ላይ እሰሩት፤ ኮርቻ ሥር ያለውን የዝናብ ልብስ ይሸፍነዋል።

ፓራፋንጎና የዝናብ ልብስ

በክረምት ከሰማይ ከሚወርደው ይልቅ ከጎማ የሚረጨው ያቆሽሻል። ኮርቻው ቋሚ ላይ ብቻ የሚታሰረው አጭር ፕላስቲክ ጀርባን ያድናል፤ እግርንና ካቴናን ለጭቃ ይተዋል። ጎማውን ተከትሎ የሚዞረውና በሽቦ ድጋፍ የሚታሰረው ሙሉ ፓራፋንጎ ይሻላል። ስፋቱ ከጎማው ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር ይብለጥ፦ ለ50 ሚሊ ሜትር ጎማ 60 እና ከዚያ በላይ። ሰው የኋላውን ብቻ ገዝቶ ይመለሳል፤ ጫማችሁንና ካቴናውን የሚያቆሽሸው ግን የፊቱ ነው። የፊቱ ጫፍ መሬት እስኪጠጋ ድረስ ከአሮጌ ካላማዳሪ ወይም ከዘይት ጀሪካን ቁራጭ ቆርጣችሁ ብታስረዝሙለት ልዩነቱን በአንድ ቀን ዝናብ ታዩታላችሁ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። መንገዳችሁ ላይ ዋልካ ካለ ሙሉ ፓራፋንጎ ጠላት ይሆናል። ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ይጋገርና ጎማው መዞሩን ያቆማል። አስፋልት ብቻ ከሆነ የአንድ ጣት ክፍተት ይበቃል፤ ዋልካ የሚነካችሁ ከሆነ ሁለት ጣት ተዉ፣ ካልቻላችሁም አጭሩን ምረጡ።

ለልብስ፣ አየር ያስወጣል የሚባለው ውድ ጃኬት ሜዳ ላይ ያስኬዳል። ከመገናኛ ወደ ኮተቤ ዳገት ስትገፉ ግን ከውስጥ ላብ፣ ከውጭ ዝናብ ሆኖ ሁለቱም ያረጥባችኋል። ሰፊ የዝናብ ካባ አየር ከሥር ያስገባል፣ ቦርሳንም አብሮ ይሸፍናል፣ ዋጋውም ዝቅ ያለ ነው። ነፋስ ይይዘዋል፤ ጫፉ ጎማ ውስጥ እንዳይገባ ከወገብ ላይ በቀበቶ ይታሰር። የክረምቱ ዝናብ በብዛት ከሰዓት በኋላ ወርዶ ያባራል፤ ግማሽ ሰዓት በረንዳ ሥር መጠለል ከማንኛውም ጃኬት ይረክሳል። ቢሮ አንድ ጥንድ ካልሲና ሸበጥ ይኑራችሁ።

ፍሬን

ከፒያሳ በቸርችል ወደ ለገሀር፣ ወይም ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወርድ ሰው ከማንኛውም ጌጥ በፊት የፍሬን ላስቲክ ይቀይር። ቸርኬውን ከሁለት ጎን የሚይዘው ፍሬን ቀላልና የሚጠገን ነው፤ ችግሩ እርጥብ ቸርኬ ላይ መጀመሪያ ውሃውን ጠርጎ ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ ከመቆሚያው ቀድማችሁ ቀስ ብላችሁ ንኩት። ላስቲኩ ላይ ያሉት መስመሮች ከጠፉ አልቋል። ውስጡ የተሰካ ጠጠርና የብረት ፍንጣሪ ካለ በመርፌ አውጡ፤ ካልሆነ ቸርኬውን እንደ ሞረድ ይበላዋል። በሽቦ የሚጎተተው ዲስክ ፍሬን በዝናብ የተሻለ ነው፣ ሽቦውም የትም ይገኛል። በዘይት የሚሠራው ከሁሉ ይበልጣል፤ ነገር ግን ዘይቱ ሁለት ዓይነት ነው፦ ማዕድናዊ ዘይትና የመኪና ፍሬን ዘይት (ዶት)። ማዕድናዊውን በሚጠቀም ፍሬን ውስጥ የመኪናውን የሚጨምር ጠጋኝ ጎሚኒዎቹን ያቃጥላቸዋል። በዘይት የሚሠራ ካላችሁ የቱ እንደሚገባ እጀታው ላይ ጽፋችሁ ለጥፉ።

ቦርሳ፣ ሄልሜት፣ መንፊያ

የጀርባ ቦርሳ ከ5 ኪሎ በላይ ሲሆን ጀርባን በላብ ያርሳል፣ ሚዛንንም ያዛባል። የኋላ መጫኛ ግዙና ክብደቱን ብስክሌቱ ይሸከም። ኮርቻው ቋሚ ላይ ብቻ የሚታሰረው 10 ኪሎ አካባቢ ነው አቅሙ፤ ኮብልስቶን ላይም ወደ ጎን ይዞራል። ከኋላ ጎማው እንብርት አጠገብ በሁለት ቡሎን የሚያርፈው እስከ 25 ኪሎ ይችላል፤ የሚችለው ክብደት ብረቱ ላይ ተጽፏል። ቡሎኖቹ በኮብልስቶን ንዝረት ይላላሉ፣ ስለዚህ ውስጡ ፕላስቲክ ቀለበት ያለውን ዳዶ አስገቡ። መንጠቆ ያለው የላስቲክ ገመድ ካሰራችሁ ትርፉ ጫፍ እንዳይንጠለጠል፤ ጎማ ውስጥ ከገባ በቅጽበት ይቆልፈዋል።

ሄልሜት ውስጡ ኢኤን 1078 (EN 1078) ወይም ሲፒኤስሲ (CPSC) የሚል የደህንነት ደረጃ ምልክት ይኑረው። ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ቦታ ትቶ ይቀመጥ፤ ግንባርን ገልጦ ወደ ኋላ የተደፋ ሄልሜት የሚከላከለው ማጅራትን ነው። አንዴ ከተጋጨ ውስጡ ያለው ፎም ተጨፍልቋል፣ ሳይሰነጠቅም ቢሆን ይቀየር። በዚህ ምክንያት ያገለገለ ሄልሜት አትግዙ።

መንፊያ ስትመርጡ፣ እቤት የሚቆም ባለ ጌጅ አንድ፣ ቦርሳ ውስጥ ደግሞ አጭር የላስቲክ ቱቦ ያለው ትንሽ አንድ። ቱቦ የሌለውን ቫልቩ ላይ ስትገፉ ቫልቩን ሥሩ ላይ ይሰብረዋል። ከደወል ይልቅ በግራ እጀታ ላይ የሚታሰር መስታወት ይጠቅማል፤ ሚኒባስ ተሳፋሪ ሊያነሳ ወደ ዳር ሲታጠፍ ደወል አይሰማም።

ከውጭ ዘመድ የሚመጣ ከሆነ

ከዲሲ ወይም ከዱባይ የሚመጣ ሰው «ምን ላምጣልህ?» ካለ ከባድ ሰንሰለት አታሸክሙት፤ ከ23 ኪሎው ሻንጣ ላይ 3 ኪሎ መብላት ግፍ ነው። ያለ ጥገና የሚሠራ፣ ቀላልና እዚህ ጥራቱን ለማረጋገጥ የሚያስቸግር ነገር ጠይቁ፦ የፊት መብራት፣ የሚታጠፍ ጠርዝ ያለው የኋላ ጎማ (ጎማው ላይ ካለው ቁጥር ጋር ፎቶ አንስታችሁ ላኩለት)፣ ማስቲሽና ላስቲክ ልጣፍ፣ የናስ አዳፕተሯ። መብራቱ የሊቲየም ባትሪ ስላለው በእጅ ሻንጣ ይያዘው፤ በተለይ ትርፍ ባትሪ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። ጎማ በአንዴ የሚነፉትን ትንንሽ የጋዝ ጥይቶች ግን አታዝዙት፤ አየር ማረፊያ ላይ ሊወሰዱበት ይችላሉ።